ከሌላ እጅ መቅዳት

አማርኛ አንዳንዴ በአንድ ግሥ ሁለት ነገር ቋጥሮ ያስቀምጣል፤ የሚፈታው ይፍታው ብሎ። «ቀዳ» ከእንዲህ ያሉት ግሦች አንዱ ነው። ልጃገረድ ከምንጭ ውሃ ትቀዳለች፤ አሳላፊ ከጋን ጠላ ይቀዳል፤ ቁም ጸሐፊም ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይቀዳል። ውሃ የቀዳችውን ልጅ ምንጩን ሰረቀች የሚላት የለም። ዳዊት የቀዳውንም ጸሐፊ ንጉሥ ዳዊትን ዘረፈ የሚለው የለም። ምንጭ በመቀዳቱ አይጎድልም፤ እንዲያውም የሚቀዳው ያጣ ምንጭ ቅጠልና ደለል ይሞላበትና ይደፈናል።

ወደ ሥዕል ስንመጣ ግን ይህ ደግ ግሥ ይቀርና ክፉ ወንድሙ ይተካል፤ «ኮረጀ» የሚለው። አንድ ወጣት የሌላ ሠዓሊ ሥራ ፊቱ ዘርግቶ መሥመሩን በእርሳስ ሲከተል ያየነው እንደሆነ፣ «ይህማ ኩረጃ ነው፤ የራስህን አምጣ» እንለዋለን። ምክሩ ቅን ይመስላል። ነገር ግን ወጣቱ የራሱን ከየት ያመጣዋል? እጁ ገና መሥመር አልያዘም፤ ዓይኑም ገና ማየት አልተማረም። የአገራችንን የሥዕል ታሪክ ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ዛሬ «የእኛ» ብለን የምንኮራበት አሣሣል፣ የውጭውንም የውስጡንም እጅ እየተመለከቱ በቀዱ ተማሪዎች የተሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ላሳይ እሞክራለሁ፤ ብዙ ሳልርቅ፣ ከምኖርባት ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ተነሥቼ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ልዩነት ማስመር አለብኝ፤ ሥራዬ ያስገድደኛል። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በየቀኑ ፊርማን ከፊርማ ጋር አስተያያለሁ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ የሌላ ሰው እጅ አስመስሎ መጻፍ ወንጀል ነው፤ ያስከስሳል፣ ያሳስራል። ታዲያ ፊርማ በሚያስመስለው ሰውና ሥዕል በሚቀዳው ተማሪ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የመጀመሪያው ከማን እንደ ቀዳ ይደብቃል፤ በሚገባ ከተሳካለትም የባለ ሂሳቡ ገንዘብ ይጎድላል። ሁለተኛው ከማን እንደ ቀዳ ቢናገር ክብሩ ነው፤ በሚገባ ከተሳካለትም ከማንም አንዳች አይጎድልም፤ እርሱ ላይ ግን እውቀት ይጨመራል። የተማሪው መቅዳት መለኪያው እንግዲህ ይህ ነው፤ ምንጩን መናገሩና ከቀዳ በኋላ ያደገ መሆኑ።

አሁን ወደ ታሪኩ።

ዛሬ ቦረና፣ ሳይንት፣ መቅደላ እያልን የምንጠራቸው ደጋዎች በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ የተባለው አገር ወገን ነበሩ። ነገሥታቱ ቤተ ክርስቲያናቸውን የሚተክሉበት፣ አስከሬናቸውም የሚያርፍበት አገር ነበር። ከእነዚያ አድባራት አንዱ ከአፄ በእደ ማርያም (1468–1478) ስም ጋር የሚነሣው አትሮንሰ ማርያም ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን መጥቶ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ ደብር አንድ የሥዕል ታሪክ ጽፏል። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሰው በደብሩ እመቤታችንን ከልጅዋ ጋር ይሥላል። እንደ አገሩ ልማድም ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቀፋት። ሕዝቡ ይህን ባየ ጊዜ ተቆጣ፤ ሁከትም ተነሣ። ግራ ከቀኝ ያነሰ ክብር ያለው ክንድ ነውና፣ ጌታን በግራ ማሳቀፍ እርሱን ማዋረድ መስሎ ታየ። ንጉሡ ግን ሥዕሉን ወደደው፤ ሥዕሉም በቦታው ጸና።

ብሩስ ታሪኩን በበእደ ማርያም ዘመን ያስቀምጠዋል፤ የኋላ ተመራማሪዎች ግን ሠዓሊው የመጣው በልጁ በአፄ እስክንድር (1478–1494) ዘመን አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሰውየው መኖሩ አያጠራጥርም። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እዚሁ አገር ውስጥ በአካል አግኝቶታል፤ ሠዓሊው ያን ጊዜ ብዙ አሥርት ዓመታት ኖሮ፣ አገርኛውን ቋንቋ ለምዶ፣ በባለጸግነትና በክብር ተቀምጦ ነበር። ኢትዮጵያዊ ስሙም መርቆሬዎስ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የምናየው ፈረንጁ አስተማሪ ሆኖ ነው። እኔ ግን ተማሪነቱ ይበልጥ ይታየኛል። ብራንካሊዮን ሲመጣ ያገኘው ባዶ ግድግዳ አልነበረም። ከእርሱ አንድ ትውልድ ቀደም ብሎ፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468)፣ ፍሬ ጽዮን የተባለ መነኩሴ ሠዓሊ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምሯ እንዲነበብ፣ ሥዕሏም እንዲከበር የደነገጉ ንጉሥ ናቸው። የፍሬ ጽዮን ስም ያለበት የእንጨት ገበታ ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ተጠብቆ ይገኛል። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ ይዘው ግራና ቀኝ የቆሙለትን ያንን የእመቤታችን ሥዕል ያየ ባለሙያ፣ ፍሬ ጽዮን ከባሕር ማዶ የመጡ ሥዕሎችን አይቶ እንደ ነበር አይስተውም፤ የፊቱ ልስላሴና የልብሱ እጥፋት ይናገራሉ። ሆኖም ሥዕሉን ጣሊያናዊ ነው ብሎ የሚሳሳት የለም። እርሱም ቀድቷል፤ ሌሎችም በተራቸው ከእርሱ ቀድተዋል። የእርሱን ፈለግ የተከተሉ ብዙ የእንጨት ገበታዎች ዛሬ በየገዳሙና በየቤተ መዘክሩ አሉ፤ የእርሱ እጅ የትኛው፣ የተማሪው እጅ የትኛው እንደሆነ መለየት ለአዋቂዎቹም ያስቸግራል።

ብራንካሊዮን የደረሰው እንግዲህ በዚህ መካከል ነው። የቬኒሱ ሰው በአገሩ እጅ ሣለ፤ ነገር ግን ሰይፍ የያዙትን ሁለቱን መላእክት፣ በፈረስ ላይ ያሉትን ሰማዕታት፣ የግዕዙን መግለጫ ከዚህ ተማረ። በጎጃም የተገኘና በግዕዝ ስሙ የሰፈረበት ሥራው ለዚህ ምስክር ነው። የአገሩን ሥዕል ይዞ መጥቶ የአገራችንን ሥዕል ተምሮ ያረጀ ሰው ነበር።

በአትሮንሰ ማርያም ሁከት ያስነሣው ያ ሥዕል ዛሬ የለም። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ቤተ አምሐራን ሲያቋርጥ የነገሥታቱ አድባራት አንድ በአንድ ተቃጠሉ፤ በወርቅ ያጌጠው መካነ ሥላሴ ሳይቀር አመድ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተነሡ ሠዓሊዎች አብዛኛውን የአባቶቻቸውን ሥራ ሳያዩ ነው የተማሩት። ምንጩ ደርቆበታልና ሌላ ምንጭ መፈለግ ነበረባቸው።

ሌላው ምንጭ የመጣው ባልተጠበቀ መንገድ ነው። በ1569 ሮም የሚገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል እንዲቀዳ ለኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) ፈቃድ ተሰጠ። እነርሱም ቅጂውን በሄዱበት አገር ሁሉ ይዘው ዞሩ፤ ወደ እኛም ደረሰ። ከሠፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ከቦረና በዓባይ ማዶ ያለችው መርጡለ ማርያም ናት፤ እዚያ ያስቀረጹት ድንጋይ ዛሬም ይታያል። አፄ ሱስንዮስ በ1620ዎቹ መጀመሪያ የሮምን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ አገር ታመሰ፤ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሃይማኖቱ ተመለሰ፤ አፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ።

ሰዎቹ ወጡ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። ዝም ብሎም አልቀረም። አንባቢ ሆይ፣ በቅርብህ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ገብተህ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የሚባለውን ሥዕል ልብ ብለህ ተመልከት። እመቤታችን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋለች። ቀኝ እጇ በግራው ላይ ተሻግሮ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተዋል። በእጇ መሐረብ ይዛለች። ሕፃኑ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በአንዱ ይባርካል። ይህ ሁሉ ከሮሙ ሥዕል የተቀዳ ነው። ሁለቱ ሰይፍ የያዙ መላእክት ግን ከሮም አልመጡም፤ እነርሱ ከፍሬ ጽዮንም ዘመን ጀምሮ እዚሁ ነበሩ። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ከባሕር ማዶ የመጣችውን እመቤት ተቀብለው በአባቶቻቸው መላእክት መካከል አቆሟት። በአንድ ዘመን ሕዝብ የተቆጣበት የግራ ክንድ፣ በሌላ ዘመን ምእመናን ተንበርክከው የሚሳለሙት ሆነ። ያባረሩትን ሰው ሥዕል ለመቀበል ምን ያህል በራስ መተማመን እንደሚጠይቅ አስቡት። ከጠላት መማር የሚችል፣ የራሱን የሚያውቅ ብቻ ነው።

የጎንደር ሠዓሊዎች ሌላም መምህር ነበራቸው፤ ይህኛው የታተመ መጽሐፍ ነው። በ1591 በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዓረብኛ ወንጌል ታተመ። በውስጡ 149 ሥዕሎች ነበሩት፤ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው፣ ሊዮናርዶ ፓራሶሌ በእንጨት የቀረጻቸው። ይህ የእንጨት ህትመት የሚባለው ጥበብ ነው። ሠሪው በለሰለሰ ሳንቃ ላይ ይነድፋል፤ ከዚያም ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን ሁሉ በመሮና በቢላ ያነሣል፤ የቀረውን ከፍታ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። አንድ ሳንቃ ብዙ ወረቀት ያትማል። በዚያ ወንጌል ውስጥም አንዱ ሳንቃ በተለያየ ገጽ እየተደጋገመ ታትሟል። ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ካለበት አይንቀሳቀስም፤ የታተመ ሥዕል ግን በበቅሎ ኮርቻ ከረጢት ተጭኖ አህጉር ያቋርጣል። ለዚህ ነው የሮም ሠዓሊ እጅ ጎንደር የደረሰው።

የእኛ ሰዎች በዚያ ህትመት ምን አደረጉ? ከመጽሐፉ ሥዕሎች እየቀዱ የብራና ወንጌላትን አስጌጡ። ልብ በሉ፤ የእንጨት ህትመት ቀለም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ጥላውንም የሚያሳየው በተደራረቡ ቀጫጭን መሥመሮች ነው። ቀጂው እንግዲህ የሰዎቹን አቀማመጥና የታሪኩን አደራደር ከህትመቱ ይወስዳል፤ ቀለሙን ግን የሚነግረው የለም። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን ከራሱ ማምጣት ነበረበት። የተደራረበውን የጥላ መሥመር ትቶ ልብሱን በደማቅ ቀለም ሞላው። ዓይኑን አሰፋው፤ የሰዎቹን ፊት የአገሩ ሰው ፊት አደረገው። በትክክል ሊቀዳ ያልቻለበት ቦታ የራሱ እጅ የወጣበት ቦታ ሆነ። መቅዳት ተማሪን ያስተምራል የምንለው በዚህ ነው፤ ከመምህሩ የሚጎድለውን ነገር ፊት ለፊት ያገናኘዋል፤ ያን ጉድለት ሲሞላ ራሱን ያገኛል።

ይህን በመጽሐፍ ያነበብኩትን ነገር በዓይኔ ያየሁት እዚሁ መካነ ሰላም ነው። የማውቀው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አለ፤ ሥዕል ይወዳል። የሥዕል ትምህርት ቤት በአካባቢው የለም፤ መምህሩ የእጅ ስልኩ ነው። የጎንደር ዘመን ሥዕሎችን፣ የዘመናችንንም የህትመት ሠዓሊዎች ሥራ እያወረደ በደብተሩ ይቀዳ ነበር። አንድ መምህሩ ደብተሩን አይቶ በክፍል ልጆች ፊት «ኮራጅ» ብሎት ኖሮ እርሳሱን ሊጥል ደርሶ ነበር። ቆይቶ ግን ከአናጢ ቤት የተረፈ የዋንዛ ሳንቃ ለምኖ አገኘ፤ መሮም ተዋሰ። «ምስለ ፍቁር ወልዳ»ን በሳንቃው ላይ ነደፈ፤ ለሁለት ሳምንት ቀረጸ፤ ጥቁር ቀለም ቀባ፤ ወረቀት አልብሶ በማንኪያ ጀርባ ደጋግሞ አሸው። ወረቀቱን ሲገልጠው ሕፃኑ በቀኝ ክንዷ ሆኖ ወጣ። ከሥር የቀረጸው «ማርያም» የሚለው ስምም ተገልብጦ ከቀኝ ወደ ግራ ተነበበ።

የህትመት ጥበብ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። ሳንቃ እንደ መስታወት ነው፤ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ያደርጋል። በአውሮፓም ከቀለም ሥዕል ተቀድተው የታተሙ ብዙ ሥራዎች ከመነሻቸው ተገልብጠው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ይህን ያስተማረው ሰው የለም፤ የአትሮንሰ ማርያምንም ታሪክ አልሰማም ነበር። ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ያሳሰበው ግን ያው የጥንቱ ጥያቄ ነበር። «በየትኛው ክንዷ ነው መሆን ያለበት?» አለኝ። ታሪኩን ነገርኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ግን ዝም ብሎ ሥዕሉን ለብዙ ጊዜ አየው። እስከዚያ ቀን ድረስ መቶ ጊዜ አይቶት የማያውቀውን እጅ አሁን ማየት ጀመረ፤ ለምን ቀኝ እጇ በግራው ላይ እንደ ተሻገረ፣ ሁለቱ ጣቶች ወዴት እንደሚያመለክቱ፣ መሐረቡ በየትኛው እጅ እንደ ተያዘ። ለሁለተኛው ሳንቃ ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ አንሥቶ፣ ገልብጦ፣ በካርቦን አሳረፈው። ስሙንም ተገልብጦ ቀረጸው። ይኸኛው ቀንቶ ወጣ። ሥዕል በማየት ብቻ አንድ ሰው አንድ ዓመት የማያስተውለውን ነገር፣ በመቅዳት በሁለት ሳንቃ አወቀው።

ይህ መንገድ የልጁ ብቻ አይደለም፤ የዘመናዊው ሥዕላችን ሊቃውንትም የሄዱበት ነው። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ተመልሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። በ1960ዎቹ በዚያ ትምህርት ቤት የእንጨት ህትመት ያስተማረው ካርል ሐንሰን የተባለ ጀርመናዊ ነበር። ይህ ሰው ራሱ የመቅዳት ምሳሌ ነው፤ ከሐምቡርግ ተነሥቶ ብራዚል ወርዶ፣ ባሂያ በተባለው ክፍለ አገር ኖሮ፣ የአገሩን ሕይወት በእንጨት እየቀረጸ ስሙን ሳይቀር ሐንሰን ባሂያ ብሎ ነው ወደ እኛ የመጣው። ከተማሪዎቹ አንዱ በ1941 የተወለዱት ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። ዘሪሁን ከጀርመናዊው መምህራቸው የመሮን አያያዝና የጥቁርና ነጭን ሚዛን ተማሩ። ከዚያ ግን ፊታቸውን ወደ ሌሎች መምህራን መለሱ፤ ስማቸው ወዳልተጻፈ የክታብ ጸሐፍት። በብራና ጥቅልል ላይ ያሉትን የጠልሰም ዓይኖችና መስቀለኛ መሥመሮች አጠኑ፤ በሥራቸውም ውስጥ አዲስ ሕይወት ሰጧቸው። ሥራቸውን ያየ ሐንሰንን አያይም፤ ሐንሰን ባያስተምራቸው ግን ያ መሥመር እንዲያ ባልጠነከረም።

አንኮበር በ1932 የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ ለማዕድን ምህንድስና እንግሊዝ አገር ተልከው ወደ ሥዕል የተሻገሩ ናቸው። በለንደን የስሌድ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፣ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕል ለማጥናት ጊዜ ሰጡ። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ያሉትን ታላላቅ የመስታወት ሥዕሎች ስናይ የዚያ ጥናት ፍሬ ይታየናል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ኢትዮጵያዊ ተማሪ የአባቶቹን ሥዕል ለማጥናት ለምን ለንደንና ፓሪስ መሄድ አስፈለገው?

ከመልሱ አንዱ ክፍል ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ወደቀች፤ አፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። ንጉሡ ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌላም ቦታ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት፣ መስቀሎችና ሥዕሎች በእንግሊዝ ጦር ተዘረፉ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ፤ እዚያም በጨረታ ተሸጠ። ነገሥታቱ ዘመቻ ሲወጡ ያስከትሉት የነበረው «ኩርዐተ ርእሱ» የተባለው የጌታ ሥዕል፣ ከጦሩ ጋር በመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው በሪቻርድ ሆልምስ እጅ ገባ፤ ሆልምስም ለብዙ ዓመታት የግሉ አድርጎ ያዘው። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ከእነዚህም መካከል ከዚያ ከሮሙ የዓረብኛ ወንጌል ህትመት የተቀዱ ሥዕሎች ያሉት የ17ኛው መቶ ዓመት ወንጌል ይገኛል። የሮም ሠዓሊ እጅ ወደ ጎንደር መጣ፤ የጎንደር ሠዓሊ እጅ ወደ ለንደን ሄደ። የመካነ ሰላሙ ልጅ ደግሞ ያንን እጅ በስልክ መስታወት ላይ ሁለት ጣት በምታክል ስፋት ያየዋል።

ደላንታ ሲነሣ ዋድላ አብራ ትነሣለች፤ ጎረቤቶች ናቸው። ዋድላ ደግሞ ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዷ ስም ናት። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ይፈታል፤ አገባቡን ይመረምራል፤ ከዚያ በጥላ ሥር ተሸፍኖ የራሱን ይቆጥራል። ሲበቃም ቅኔ «ይዘርፋል» ይባላል። በአንድ ደጋ ላይ፣ በጥቂት የመንገድ ርቀት፣ አንዱ ቃል ሁለት ታሪክ ተሸክሟል። የዋድላው ዘረፋ የተዘረፈውን አያደኸይም፤ መምህሩ ቅኔው ሲዘረፍ ደስ ይለዋል፤ ደቀ መዝሙር አፈራ ማለት ነውና። የደላንታው ዘረፋ ግን ተማሪን ከመምህሩ ለየ። በመቅደላ የጠፋው ወርቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሌላ ወርቅ ይተካ ነበር። የጠፋው ግን የሚቀዳበት ምንጭ ነው። አንድ ሠዓሊ ዕድሜውን ሙሉ የሣለውን ወንጌል ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ካላየው፣ ያ እውቀት በዚህ አገር ላይ እንደ ሞተ ይቆጠራል። እንዲመለሱ የምንጠይቀውም ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው እንድንኮራባቸው ከሆነ ግማሽ መመለስ ነው፤ ተማሪ ፊታቸው ቁጭ ብሎ እንዲቀዳቸው ከሆነ ግን ሙሉ ይሆናል።

እስከዚያው ምን ይደረግ? ሠዓሊ አይደለሁም፤ ግጥም ሞካሪ ነኝ። ግጥምም ሥዕልም በዚህ አንድ ናቸውና ለጀማሪው ያስተዋልኩትን ሦስት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ከአንድ ሰው ብቻ አትቅዳ። የአንዱን ብቻ የቀዳ የዚያ ሰው ጥላ ይሆናል፤ የጎንደሩ ሠዓሊ ግን እመቤታችንን ከሮም፣ መላእክቱን ከአባቶቹ፣ ቀለሙን ከራሱ አምጥቶ ነው ባለቤት የሆነው። ሁለተኛ፣ የምትቀዳውን ወደ ሌላ ነገር አሻግረው። ቀለሙን ወደ ጥቁርና ነጭ፣ ብራናውን ወደ እንጨት፣ ግድግዳውን ወደ ወረቀት። መሻገሪያው ላይ መወሰን ግድ ይላል፤ የትኛውን መሥመር ላስቀር፣ የትኛውን ላንሣ የሚለውን ያን ጊዜ ትጠይቃለህ፤ መወሰን ስትጀምር ሠዓሊ መሆን ጀመርህ። ሦስተኛ፣ ከማን እንደ ቀዳህ ከሥዕሉ ሥር ጻፍ። ስሙ ካልታወቀ ደብሩን፣ ደብሩ ካልታወቀ ዘመኑን ጻፍ። የጥንት ጸሐፍት በመጽሐፋቸው መጨረሻ ያስጻፈውን፣ የጻፈውንና ያስተማረውን በጸሎት ያነሡ ነበር። ስም የጠራ ሰው ሌባ አይባልም።

ለእኛ ለታላላቆቹ ደግሞ አንድ ነገር ይቀረናል። በፍሬ ጽዮን ጊዜ «የፈረንጅ ነው» ብለው ብሩሹን ከእጁ ቢነጥቁት፣ በብራንካሊዮን ጊዜ የግራ ክንድ ነው ተብሎ ሥዕሉ ቢፋቅ፣ በፋሲለደስ ጊዜ «የጀስዊት ነው» ተብሎ እመቤታችን ከግድግዳው ብትወርድ ኖሮ፣ ዛሬ የእኛ የምንለው ሥዕል ምን ይመስል ነበር? ይህን እያሰብን፣ አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲቀዳ ስናየው «የራስህ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው እናቆየው። «ከማን ቀዳኸው? ምንስ አየህበት?» ብለን እንጠይቀው። ሁለቱን የመለሰ ልጅ ሳንቃና መሮ ይገባዋል፤ አቅም ያለው ይግዛለት።

ቸር እንሰንብት።